የውሃ አባቱ ቦይ

በሾላ ምንጭ መንደር ውሃ አባት አለው። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ተጨቃጭቆ፣ ተማምሎ አንድ ሰው ይመርጣል፤ ያ ሰው "የውሃ አባት" ይባላል። ከምንጩ የሚወርደውን ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያድለው እሱ ነው። ቦይ ሲደፈን የሚያስጠርገው፣ ተራዬን ሰረቅኸኝ ብለው አካፋ የሚማዘዙትን የሚገላግለውም እሱ ነው። አቶ ሞላልኝ በዚህ ሹመት ላይ ሸብተዋል። ተራ አያዛቡም፣ ለዘመድ አያደሉም፤ የገዛ ወንድማቸውን ሽንኩርት ከተራው ውጭ አይጠጣም ብለው ያደረቁ ሰው ናቸው። ወንድምየው እስከ ዛሬ ያኮርፋል።

ሚስታቸው ወይዘሮ ጸዳለ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ናቸው። ብዙ አይናገሩም፤ የተናገሩ ዕለት ግን ቃላቸው ሁለት በር አለው፣ ሰው በየትኛው እንደገባ ሳያውቅ ይወጣል። የባል ስም በሚስት አፍ አይጠራም ተብለው ነው ያደጉት፤ ስለዚህ አቶ ሞላልኝን "አንቱ" ይሏቸዋል፣ ሲቆጡ ደግሞ "እኚህ ሰውዬ"። ወልደው፣ ድረው፣ አያት ሆነው እንኳ ያ ስም ከከንፈራቸው ወጥቶ አያውቅም። የሰፈሩ ሴቶች "ጸዳለ፣ ስማቸው ጠፍቶሽ ነው ወይ?" እያሉ ይስቁባቸዋል። እሳቸውም "ያስፈለገኝ ቀን አላጣውም" ብለው ወደ ሥራቸው ነው።

ታዲያ በዚያ ዓመት ሁለት ቦይ ታመመ። አንደኛው የመንደሩ ነው። ምንጩ አፍ ላይ የቆመው ትልቁ ሾላ ሥሩን ወደ ቦዩ አንገት ሰድዶ ውሃውን አንቆ ያዘው። በመጥረቢያ እንዳይሉት ሥሩና ግንቡ ተቃቅፈዋል፤ አንዱን የመታ ሌላውን ያፈርሳል።

ሁለተኛው ቦይ የአቶ ሞላልኝ የራሳቸው ነው። ለውሃ ይወጣሉ፤ ቆመው ይጠብቃሉ። ጠብ ይላል፣ ይቆማል። ገብተው ሳይቀመጡ ደግሞ ይጠራቸዋል። ለአገር ሙሉ ማሳ ውሃ የሚያዝዙት ሰውዬ የገዛ ራሳቸውን ውሃ ማዘዝ አቃታቸው። አይ የሰው ነገር! ሕመም እንኳ የለው፣ ቁርጥማት የለው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፣ እንደዚያው ነው የጀመራቸው።

ለማንም ሳይናገሩ ጤና ጣቢያ ታዩ፤ ከዚያም አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ድረስ ተልከው ዶክተር ናሆም የሚባል ረጋ ያለ ሐኪም አያቸው። ከፊኛ ሥር፣ የውሃው ቦይ በሚያልፍበት አንገት ላይ፣ ወንድ ሁሉ ያለው ፕሮስቴት የሚባል ዕጢ አለ፤ እዚያ ላይ ካንሰር በቅሏል አላቸው። አቶ ሞላልኝ ይህን ሲሰሙ "ሾላው ነዋ!" አሉ። ዶክተሩ አልገባውም፤ ግን ሕመምተኛ የሚለውን ሁሉ መመርመር ልማዱ አይደለምና ቀጠለ።

"ደግነቱ እዚያው እንደተቀመጠ ነው፤ አልተሰደደም። በጨረር እናክመዋለን። ለተወሰኑ ሳምንታት በየቀኑ ይመጣሉ። አያምዎትም፣ አይቆርጥዎትም፣ ጠጉርዎም አይረግፍም። ከእርስዎ ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር የለም፤ የልጅ ልጆችዎን ማቀፍ ይችላሉ። እየቆየ ግን ይደክምዎታል። ሽንት ያቃጥልዎታል፣ ያጣድፍዎታል፣ ሆድዎም ሊላላ ይችላል፤ አብዛኛው ሲያልቅ ይተውዎታል።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የወንድነት ነገርም ቀስ እያለ ሊደክም ይችላል። ለሱም መድኃኒት አለ፤ አፍረው አይተዉት። ከባለቤትዎ ጋር ይነጋገሩበት" አለ።

ከዚያ ሁሉ ምክር አቶ ሞላልኝ ጆሮ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ ናት። ከጸዳለ ጋር! እንዴት ተብሎ? በየትኛው አፍ? ካንሰሩን አልፈሩትም ማለት አይደለም፤ ፈርተውታል። የበለጠ የፈሩት ግን ሚስታቸው አንድ ቀን አይታ "እኚህ ሰውዬ አለቀላቸው" የምትል መስሏቸው ነው። የጸዳለን ዓይን ከሚያጡ ዕጢውን ይዘው ቢሞቱ የሚሻል መሰላቸው። ሞኝነት ነው፤ ግን ወንድ ልጅ ለሞኝነት ተራ አይጠብቅም።

መንደራቸው ተመልሰው ሰው ሰበሰቡና "ቦይ ላስጠግን አዲስ አበባ ልወጣ ነው። ሥሩ አንገቱን አንቆታል፤ እንዲህ ከከረመ ያልቃል" አሉ።

ከዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ሰሙን ለመንደሩ ሰጡ፣ ወርቁን በጉያቸው ይዘው ቀሩ። መንደሩም እልል አለ። መሐንዲስ ሊመጣ ነው! ግንብ ሊሠራ ነው! ምክትላቸው ጥላዬ፣ ነገር የሚያፈጥነው፣ "ጋሽ ሞላልኝ፣ ሲሚንቶውን እንዳይረሱ!" ብሎ እጃቸውን ሳመ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት እንኳ ለሰው ሲተርቱ የኖሩ ሰው፣ መድኃኒታቸውን ከነበሽታቸው ደብቀው ተነሡ።

ወይዘሮ ጸዳለ ሻንጣውን ሲያዘጋጁ ከጋቢው ሥር የታጠቡ ሱሪዎች ደራርበው ከተቱ።

"ቦይ ለማስጠገን ለሚሄድ ሰው ይኼ ሁሉ ሱሪ ምን ይሠራል?" አሉ አቶ ሞላልኝ።

"ቦይ ሲጠገን መርጠብ አለ" አሉ ወይዘሮ ጸዳለ፣ ዚፑን እየዘጉ።

በሆስፒታሉ የጨረሩን ክፍል የምትመራው ሲስተር ኢክራም ነበረች። መጀመሪያ በትልቅ ፎቶ ማንሻ ውስጥ አስገብታ ሆዳቸውን አስለካች፤ ከዚያ ቀለም አምጥታ ወገባቸው ግራና ቀኝ ላይ ምልክት አደረገችባቸው።

"ቀባሁዎት። ሲታጠቡ እንዳይፈቀፍቁት" አለች። "አሁን አልጋው ላይ ይውጡ።"

"በእኛ አገር ቀብተው አልጋ ላይ የሚያወጡት ንጉሥ ነው" አሉ አቶ ሞላልኝ።

"እርስዎስ ከማን ያንሳሉ? ብቻ የኔ ንጉሥ አይንቀሳቀስም።"

እንዲህ ሆኖ አቶ ሞላልኝ በስተርጅና ተቀብተው አልጋ ያዙ።

ሲስተር ኢክራም ሕጉን ነገረቻቸው። ከመምጣታቸው በፊት ተጸዳድተው አንጀታቸው ባዶ ይሁን። ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ ውሃ ይጠጡ፣ ከዚያ ይያዙት። ፊኛው ሲሞላ አንጀቱን ገፍቶ ከጨረሩ ያርቀዋል። አቶ ሞላልኝ ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። "ግድብ ነዋ! ሞልቶ ሲቆም ያልተፈለገውን ወደ ዳር ይገፋል" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስተር ኢክራም በሩ ላይ ብቅ ብላ "አቶ ሞላልኝ፣ ሞላልዎት?" ስትል አግዳሚው ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሽማግሌ ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። መሳቅም ለሞላ ፊኛ አደገኛ ነው፤ አንዳንዱ እየሳቀ ይለምናል፣ "ኧረ ተዪን ልጄ!" እያለ።

የመጀመሪያው ቀን ግን ማንም አልሳቀም። ክፍሉ ይቀዘቅዛል። በሩ እንደ ግንብ ወፍራም ነው። ሁሉም አስተካክለዋቸው ወጡ፣ በሩ ተዘጋ፣ አቶ ሞላልኝ ብቻቸውን ቀሩ። በዚያን ጊዜ ከግድግዳው ቀጭን አረንጓዴ የብርሃን ክር ወጥቶ ሆዳቸው ላይ ተጋደመ፤ ከሌላው ወገን ሌላ መጣና ተገናኙ፣ መስቀል ሠሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገመድ ወጥረው የቦይ ልክ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ክር ግን አይተው አያውቁም። የማሽኑ ትልቅ ራስ እየተጉረመረመ ዙሪያቸውን መዞር ጀመረ፣ ታቦት ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑን እንደሚዞሩት ቀስ ብሎ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እንግዲህ እሳቱ መጣ" አሉ በልባቸው፤ አባታችን ሆይ ጀመሩ። እሳት የለም። ሽታ የለም። ጸሎቱን ጨርሰው ደገሙት።

በሩ ተከፈተና ሲስተር ኢክራም ገባች።

"በይ እንግዲህ ጀምሪ፤ እኔ ዝግጁ ነኝ" አሉ።

"አልቋል እኮ አባባ።"

"ምኑ?"

"የዛሬው።"

አቶ ሞላልኝ ሆዳቸውን ዳሰሱ። ቁስል የለ፣ ትኩሳት የለ፣ ቆዳው እንዳለ ነው። "ገብቷል ነው የምትዪኝ?"

"ገብቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ አልፎ ሄዷል።"

"በሩን ማን ከፈተለት?"

"እሱ በር አይፈልግም" አለችና ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።

ያን ዕለት አቶ ሞላልኝ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ብዙ ቆዩ። ውሃን ያውቃሉ። ውሃ መንገድ ይፈልጋል፤ ቦይ ካልቀደዱለት የትም አይደርስም፣ ቁልቁለት ካላሳዩት ይተኛል። ይኼ ግን ምንድን ነው? ቦይ አይፈልግ፣ ቁልቁለት አይፈልግ። ሥጋን ሳይከፍት ያልፋል፣ የሞላውን ግድብ ሳያፈስ ያልፋል፣ ከሁሉ ሥር የተደበቀውን ሥር ያገኘዋል። ዶክተሩን ሲጠይቁት ደግሞ ይባስ ብሎ አስደነቃቸው። ጨረሩ ሥሩን አይነቅለውም አለ፤ መራባቱን ነው የሚያስረሳው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነው የሚሰጠው፤ ደጉ ሥጋ እስከ ማግሥቱ ያገግማል፣ ክፉው ማገገም አያውቅበትም። ሕክምናው አልቆ እንኳ ለወራት መድረቁን አይተውም። አቶ ሞላልኝ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው "ወይ የፈጣሪ ሥራ! ዓይን የማያየው ብርሃንም አለህ ለካ" አሉ። እንባ ቋጥረው ነበር፤ ስለ ሕመማቸው አልነበረም።

አሁን ስለ ስልኩ ልንገራችሁ። የወይዘሮ ጸዳለ ስልክ ጆሮው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ድምፅ ማጉያው ካልተከፈተ አይሰማም። ስለዚህ አቶ ሞላልኝ በደወሉ ቁጥር ግቢው በሰው ይሞላል፣ ጥላዬም ፊት ለፊት ይቀመጣል።

"ጋሽ ሞላልኝ፣ የት አረፉ?" አለ ጥላዬ።

"አልጋ ይዣለሁ።"

"ጥሩ ነው አልጋው?"

"ምን ልበልህ። ብርሃን ይወርድብኛል። ዙሪያዬን ይዞሩኛል። ሰው ሁሉ ወጥቶ ደጅ ይጠብቀኛል።"

"ኧረ ይህማ ክብር ነው! መሐንዲሶቹስ በየቀኑ ይመጣሉ?"

"ከቅዳሜና እሑድ በቀር።"

"ቦዩስ?"

"አሁንስ ያቃጥል ጀመር።"

"ቦይ ያቃጥላል እንዴ?"

"ሲጠገን" አሉ አቶ ሞላልኝ።

ሰዉ የአዲስ አበባን ጥበብ እያደነቀ ራሱን ነቀነቀ። ወይዘሮ ጸዳለ ግን "አልጋ ይዣለሁ" ከተባለበት ጀምሮ የሚለቅሙትን ምስር አቁመው ነበር። ሰፌዱን መሬት አስቀምጠው "እህል ይቀምሳሉ?" ብለው ብቻ ጠየቁ። "እቀምሳለሁ" አሏቸው። "ይቅመሱ፤ ይደክምዎታል" አሉ ወይዘሮ ጸዳለ።

በእርግጥም ደከማቸው። ሳምንቱ ሳምንት ሲወልድ ከምሳ በኋላ ዓይናቸው ይከደን ጀመር፣ ደረጃ ሲወጡ ግድግዳ ይይዛሉ። ውሃው እንደ በርበሬ ያቃጥላል፣ አንዳንዴም ሳይጠራ ይመጣል። አንድ ቀን ከሳቸው በፊት የገባው ሰው ቆየ። አቶ ሞላልኝ ሞልቶላቸው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ጉልበታቸውን ገጥመው አግዳሚው ላይ ይጠብቃሉ። ዕድሜ ልካቸውን ተራ ሲሰጡ የኖሩ ሰው የገዛ ተራቸው ራቀባቸው። ግድቡ አልቻለም። ሱሪያቸው ላይ ሙቀቱ ሲወርድ ተሰማቸው፣ ከወንበሩ ሥር ኩሬ ሠራ።

መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ከጎናቸው የተቀመጡት ሐጂ ሙዘይን፣ ከወሎ የመጡ ያንኑ ሕክምና የሚታከሙ ሽማግሌ፣ ኩሬውን አዩት። ቀስ ብለው የያዙትን የውሃ ጠርሙስ ከፍተው ወለሉ ላይ አፈሰሱትና "ወይኔ እጄ! ውሃዬን ደፋሁት!" ብለው ጮኹ። የሚወለውለው ሰው መጥቶ ሁሉንም አንድ ላይ ጠረገው። ከዚያ ሐጂ ጠጋ ብለው "አቶ ሞላልኝ፣ እዚህ ወንበር ላይ ያልረጠበ ማን አለ? እኔ ባለፈው ሰኞ ዝናብ ነበርኩ" አሏቸው።

አቶ ሞላልኝ መሳቅ አቃታቸው። ያን ዕለት ሕክምናቸውን ሳይወስዱ ወጡ፤ ሻንጣቸውን አሰናድተው ስልክ ደወሉ። ግቢው እንደ ልማዱ ሞልቷል።

"ልመጣ ነው" አሉ። "ቦዩ ይቅር።"

"ኧረ ጋሼ!" አለ ጥላዬ ደንግጦ። "ምን ተገኘ?"

"ዛሬ ውሃው አመለጠኝ። በሰው ፊት። ውሃ ያመለጠው የውሃ አባት ምን ቀረው?"

ሰው ሁሉ አንድ ትልቅ ቦይ ከተማ ውስጥ ሲፈነዳ በዓይነ ኅሊናው እያየ ነው። ወይዘሮ ጸዳለ ስልኩን ከጥላዬ ፊት አነሡት።

"ያመለጠ ውሃ መሬት ነው የሚጠጣው፤ አንቱን አይጠጣዎትም" አሉ። "ሱሪ አለ፤ ይቀይሩ። በግማሽ የተተወ ቦይ ካልተነካው ይብሳል። ጨርሰው ይምጡ።"

"ጸዳለ..." አሉ አቶ ሞላልኝ። ምን ታውቂያለሽ ሊሏት ፈለጉ፤ ድምፅ ማጉያው ክፍት ነው።

"ጨርሰው ይምጡ አልኩ እኮ።" ስልኩ ተዘጋ።

ሱሪ ቀየሩ። በማግሥቱ ሲስተር ኢክራም በሩ ላይ ብቅ ስትል አቶ ሞላልኝ አግዳሚው ላይ ነበሩ። የትናንቱን አላነሣችባቸውም፤ "ሞላልዎት?" አለች። "ሞላልኝ" አሉ፣ ተነሥተው ገቡ። የቀለሙን ምልክት አየችው፣ የብርሃኑ ክር መጣ፣ በሩ ተዘጋ፣ ያ የማይታየው እንግዳ ገብቶ አለፈ። እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ አንድም ቀን አልቀሩም። በመጨረሻዋም ቀን ከአልጋው ሲወርዱ ዞር ብለው ማሽኑን ጎንበስ ብለው እጅ ነሡት። ሲስተር ኢክራም አልገረማትም፤ ብዙ ሽማግሌ እንዲህ ሲያደርግ አይታለች። ዶክተር ናሆም በየጊዜው እየመጡ ደማቸውን እንዲያስመረምሩ ነግሮ፣ "ጥሩ ምልክት አይቻለሁ፤ ቀሪውን ጊዜ ይነግረናል" ብሎ ሸኛቸው።

ሾላ ምንጭ ሲደርሱ መንደሩ ቦዩ አፍ ላይ ተሰልፎ ጠበቃቸው። ሰዉ የሚያየው ከኋላቸው ያለውን መንገድ ነው፤ መኪና ይመጣል፣ ከረጢት ይራገፋል ብሎ። የመጡት ግን ብቻቸውን ናቸው፣ ከስተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው።

"ሲሚንቶው በኋላ ነው የሚመጣው?" አለ ጥላዬ።

"ሲሚንቶ የለም።" ሰዉ አጉረመረመ። አቶ ሞላልኝ እጃቸውን አነሡ። "ስሙኝ። እዚያ ያሉ ጠቢባን ሥር በመጥረቢያ አይሉም። ብርሃን ነው የሚያሳዩት፣ በየቀኑ፣ ጥቂት ጥቂት። ግንቡን ሳይነኩ ሥሩ መስደዱን እስኪረሳ። እኛም አፈሩን ከላዩ ገልጠን ፀሐይ እናሳየው፤ በትዕግሥት። በዓይኔ ያየሁት ነው... በዓይኔ እንኳ አላየሁትም፤ ግን ሆኗል።"

ሰዉ ተያየ። ፊታቸው ላይ ያለው ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ ታቦት አይቶ የተመለሰ ሰው ፊት ነው። ጥላዬ እንኳ ባርኔጣውን አወለቀ።

ከዚያ አቶ ሞላልኝ ዓይናቸውን ከሰዉ መሃል አሻግረው ሚስታቸውን ፈለጉ። ወይዘሮ ጸዳለ ከሴቶቹ ጋር ከሾላው ሥር ቆመዋል። የመጡበት ነገር ይኼ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ በአውቶብስ ሲያላምጡት የመጡት።

"አንድ ነገር ግን አልደብቅም" አሉ። "ቦዩ ድኗል ብዬ ተስፋ አለኝ። ውሃው ግን እንደ ድሮው ላይመጣ ይችላል፤ ቀስ በቀስ ሊጎድል ይችላል ብለውኛል። ያን ውሃ ተማምኖ የኖረ ሰው ካለ ይወቀው። ቢያዝን አልፈርድበትም።"

ወንዶቹ ቦዩን አዩ፣ ምንጩን አዩ። በሾላ ምንጭ የውሃ ሸንጎ ላይ ሴት ተናግራ አታውቅም፤ ያን ዕለት ግን ሴቶቹ መሃል ንቅናቄ ሆነ። ወይዘሮ ጸዳለ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ፊት ወጡ፣ ከባላቸው እጅ ሻንጣውን ተቀበሉ፣ ዓይናቸውን ከዓይናቸው ላይ ሳይነቅሉ፣ አገር እየሰማ፣

"ውሃው ይጉደል፤ ለእኔ ሞላልኝ" አሉ።